ሙያ፣ ቋንቋ ወይስ ሳይንስ? በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ለሚመዘገቡ

ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን በሲልቨር ስፕሪንግም በአሌክሳንድሪያም ከቅዳሴ በኋላ አንድ ጥያቄ ይነሳል። «ኮሌጅ ልመዘገብ ነው፤ ምን ልውሰድ?» ትምህርት የሚከፈተው በነሐሴ መጨረሻ ቀናት ስለሆነ ጥያቄው በየዓመቱ በዚያው ሰሞን ይመጣል። መልሱም ጠያቂው ቡናውን ሳይጨርስ ይሰጠዋል። አንዱ «ነርሲንግ ግባ» ይለዋል፤ ሌላው «የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ አውጣና ገንዘብ ያዝ» ይለዋል፤ ሦስተኛዋ «መጀመሪያ እንግሊዝኛህን አሻሽል» ትለዋለች።

ሦስቱም ምክር እውነት አለው፤ ለማይሆነው ሰው ሲሰጥ ግን ሁለት ዓመትና ብዙ ሺህ ዶላር ያስከፍላል። እኔ በዲቪ መጥቼ፣ ከእንግሊዝኛ ክፍል ተነስቼ በሆስፒታል ላቦራቶሪ እስከ መሥራት የደረስኩት በኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም በሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ፣ በኩል ነው። ከሚገባው በላይ ዓመታት የፈጀብኝ ቅደም ተከተሉን ስላሳሳትኩ ነው። ስለዚህ ከታች ሦስቱን ዘርፎች ሳነጻጽር ከደመወዙ ይልቅ የማተኩረው በሁለት ነገር ላይ ነው፦ ለእርስዎ የቱ መቅደም እንዳለበት፣ የወሰዱት ትምህርትም ወደሚቀጥለው ደረጃ አብሮዎት ይሻገር እንደሆነ።

ምሳሌዎቼ የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ኮሌጅና በአጭሩ ኖቫ የሚባለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ናቸው፤ ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩት በእነዚህ ዙሪያ ነውና። በሲያትል ወይም በዳላስ ያለ አንባቢም የኮሌጁን ስም ለውጦ ቢያነበው አሠራሩ እምብዛም አይርቀውም።

ገንዘቡና ወረቀቱ

ከማንኛውም ኮርስ በፊት ክፍያዎ በምን እንደሚወሰን ይወቁ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሦስት ዓይነት ዋጋ አለው፦ አንዱ ለካውንቲው ነዋሪ፣ አንዱ ለሌላ የሜሪላንድ ካውንቲ ነዋሪ፣ አንዱ ከግዛቱ ውጭ ለሚመጣ። በቨርጂኒያ ደግሞ የነዋሪውን ዋጋ ለማግኘት በመደበኛው ሕግ ቢያንስ አንድ ዓመት በግዛቱ መኖር ያስፈልጋል። ኪራይ ረከሰልኝ ብሎ በትምህርቱ መካከል ሁለቱን ግዛቶች የሚለየውን የፖቶማክ ወንዝ ተሻግሮ ቤት የቀየረ ሰው ከእጥፍ በላይ ክፍያ ሊጠብቀው ይችላል።

የፌዴራሉ የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ፋፍሳ ይባላል። ማመልከቻው በነጻ ነው። ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነቱ የጸደቀለት፣ በስደተኝነት ተቀባይነት አግኝቶ የገባ ሰው ማመልከት ይችላል፤ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ግን ከዚህ እርዳታ አያገኝም። የማይመለሰው እርዳታ ፔል ግራንት ሲሆን፣ ጣሪያው እ.ኤ.አ. ለ2025–26 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነው።

ብዙዎቻችን ዘግይተን የምንሰማው ነገር አለ። ባችለር ዲግሪ ያለው ሰው፣ ዲግሪው ከአዲስ አበባም ይሁን ከጎንደር የመጣ፣ መደበኛው ፔል ግራንት አይሰጠውም። ብድር ግን መጠየቅ ይችላል። «ማን ያውቅብሃል፣ ዲግሪ የለኝም በል» የሚል ምክር ሲመጣ አይቀበሉ፤ ማመልከቻው ላይ የሚያርፈው የእርስዎ ፊርማ ነው።

ሌላው፣ ፔል ግራንት የዕድሜ ልክ ገደብ አለው፤ በሙሉ ጊዜ ተማሪ ስሌት 12 ሴሚስተር። በፔል የተከፈለ የቋንቋ ኮርስም ከዚህ ገደብ ላይ ይቀነሳል። ሰው ይህን ሳያውቅ ሦስትና አራት ሴሚስተር በቋንቋ ክፍል ብቻ ይጨርስና ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ለመጨረሻዎቹ ዓመታት እጁ ባዶ ይሆናል።

ቋንቋ፦ ሁለት በሮች አሉት

በኮሌጆቹ እንግሊዝኛ የሚሰጠው በሁለት መንገድ ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን አንድ አድርጎ ያየዋል። የመጀመሪያው የጎልማሶች ትምህርት ክፍል የሚሰጠው ነው። ክሬዲት፣ ማለትም ኮሌጅ ትምህርትን የሚቆጥርበት ነጥብ፣ የለውም፤ በመንግሥት ድጎማ ስለሚካሄድ ነጻ ወይም በጣም ርካሽ ነው፤ በማታና በቅዳሜም ይሰጣል። ሐኪም ቤት ለመነጋገር፣ የልጅን መምህር ለማነጋገር፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚሆን እንግሊዝኛ የሚገኘው እዚያ ነው። ሁለተኛው ለኮሌጅ ትምህርት የሚያዘጋጀው ነው። እርሱ ረጅም ጽሑፍ ማንበብን፣ አንቀጽ መጻፍን፣ ማስታወሻ መያዝን ያስተምራል፤ በክሬዲት ይከፈልበታል። ክሬዲቱ ግን ብዙውን ጊዜ ለዲግሪው አይቆጠርም።

ስለዚህ እንግሊዝኛዎ ገና ጀማሪ ከሆነ በክፍያው በር አይግቡ። አንድ ዓመት በነጻው በኩል ይማሩ፤ ከዚያ የምደባ ፈተናውን ሲፈተኑ ሁለትና ሦስት ደረጃ ዘልለው ይገባሉ። የፔል ገንዘብዎም ይተርፋል። በተቃራኒው በአገር ቤት በእንግሊዝኛ አስተማሪነት ጥሩ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ጋዜጣ ያለ መዝገበ ቃላት የሚያነብ ሰው፣ «ሁሉም ሐበሻ ከቋንቋ ነው የሚጀምረው» ስለተባለ ብቻ አንድ ዓመት መጣል የለበትም። ለምደባ ፈተናው ሁለት ሳምንት ተዘጋጅቶ ይፈተን። ፈተናውን ግን ራሱ ይሥራ። ወንድም አጠገብ ተቀምጦ ያሠራው ፈተና ሰውየውን ከማይችለው ክፍል ይጥለዋል፤ እዚያ ወንድሙ አይገባም።

እኔ የወደቅሁት በዚህ ነው። ፈተናው የቋንቋ ክፍል መግባት እንዳለብኝ አሳየ፤ እኔ ግን ቸኩዬ ለምኜ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ገባሁ። በአገር ቤት ባዮሎጂ ጎበዝ ነበርኩና አልፈራሁም። የአናቶሚ የላቦራቶሪ ፈተና እንዲህ ነው፦ በረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ አጥንቶች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር ያላት ትንሽ ባለቀለም ወረቀት ተለጥፋለች። ሰዓቱ ሲጮህ ሁሉም ተማሪ አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ለአንዱ አጥንት ያለው አንድ ደቂቃ ነው። ከፊቴ የደረሰው ጠፍጣፋ፣ ሦስት ማዕዘን የመሰለ አጥንት ነበር። በግ ሲበለት በወርቹ ውስጥ ስንት ጊዜ ያየሁት ነው። ስሙንም በአፌ አውቀዋለሁ፤ ስካፑላ። በ«ሲ» ይሁን በ«ኬ» የሚጻፈው እያልኩ ስጽፍ ስሰርዝ ሰዓቱ ጮኸ። ፊደሉ የተሳሳተ መልስ ግማሽ ነጥብ ብቻ ነበረው። የማውቀውን ነገር ሳልጽፈው ከአጥንት ወደ አጥንት አለፍኩ።

በአሥረኛው ሳምንት ኮርሱን ተውኩት። አማካሪው «ዳብልዩ ብቻ ነው፤ ውጤትሽን አይነካም» ብሎ አሰናበተኝ። «ዳብልዩ» ኮርሱን ማቋረጥን የሚያሳይ ምልክት ነው። እውነትም ውጤቴን አልነካም። ነገር ግን የፌዴራል እርዳታ እንዲቀጥል ከተመዘገቡበት ክሬዲት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ማጠናቀቅ ግዴታ ነው፤ የተተወ ኮርስም እንዳልተጠናቀቀ ይቆጠራል። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ቀጥሎ እርዳታው ታገደ። ይህን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። የሚቀጥለውን ሴሚስተር በመኪና ማቆሚያ ሌሊት እየሠራሁ ከኪሴ ከፈልኩ። ይህን የምነግርዎ ሌላ ሰው በዚያ መንገድ እንዳያልፍ ከልቤ ስለምፈልግ ነው።

የቋንቋው ምዕራፍ የሚዘጋው በኮሌጅ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ድርሰት ኮርስ ነው። እርሱን ያለፈ ሰው ወደየትኛውም ዘርፍ መሄድ ይችላል፤ ክሬዲቱም ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሻገራል።

አማርኛዎንም እንደ ሙያ ይዩት። በሆስፒታል የሕክምና አስተርጓሚ ለመሆን ቢያንስ 40 ሰዓት ሥልጠና የሚጠይቅ፣ የአማርኛ ተናጋሪዎችም ሊፈተኑት የሚችሉት ብሔራዊ የምስክር ወረቀት አለ። ሥልጠናውን አንዳንድ ኮሌጆች ይሰጣሉ። ሁለቱንም ቋንቋ አጥርቶ ለሚናገር፣ ልጅ እያሳደገ በከፊል ጊዜ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ከብዙ ሥራ ይሻላል። «ስፓኒሽ ልማር?» ለሚሉኝ ደግሞ፣ በጤና ሥራ ላይ ከሆኑ አንድ ሴሚስተር ይውሰዱ፤ ካልሆኑ ይቆይ።

ሙያ፦ ፈጣኑ መንገድና ጣሪያው

የሙያ ኮርስ ትልቁ ጥቅሙ ጊዜው ማጠሩ ነው። የረዳት ነርስነት ሥልጠና በፌዴራል ሕግ ከ75 ሰዓት ማነስ የለበትም፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። ያም ሆኖ በጥቂት ወራት ያልቃል፤ ሥራም አይጠፋም። ጣሪያው ግን ቅርብ ነው። ታካሚ ማንሳትና መገልበጥ ወገብ ይጎዳል፤ ዓመት ሲጨመር ደመወዙ ብዙም አይራመድም። ረዳት ነርስነትን የምመክረው ወደ ነርሲንግ ለመሄድ ላሰበ ሰው ነው፤ የሆስፒታሉን ውስጥ አይቶ «ይህን ሥራ እችለዋለሁ ወይ?» የሚለውን ከዓመታት ትምህርት በፊት ይመልስለታል። ለአሥር ዓመት የሚቀመጡበት ቦታ አድርጌ ግን አላየውም።

የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ጥገና ሙያ ወገኖቻችን ያላየነው ዘርፍ ይመስለኛል። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ በሮክቪል ግቢው ለዚህ፣ ለመኪና ጥገናና ለግንባታ ሙያዎች የተለየ የቴክኒክ ተቋም አለው። ተማሪው ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ የግፊት መለኪያውን ሰማያዊና ቀይ ቱቦ ከማሽኑ ጋር አገናኝቶ ቁጥሩን ማንበብ ይለማመዳል። የማቀዝቀዣ ጋዝ ያለበትን ማሽን የሚከፍት ሰው ሁሉ በፌዴራል ሕግ አንድ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ፈተናው አራት ዓይነት ሲሆን፣ ሁሉንም ማሽን የሚያጠቃልለውን ያለፈ ሰው የትኛውም ግዛት ቢሄድ ምስክር ወረቀቱ ይሠራለታል። በሐምሌ ሙቀትም በጥር ብርድም ስልኩ ይጠራል። በእጁ መሥራት ለሚወድ፣ በመጽሐፍ ላይ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ለሚከብደው ወጣት ከነርሲንግ አስቀድሜ የምጠቁመው ይህንን ነው።

የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2022 ጀምሮ አዲስ አመልካች በፌዴራል መዝገብ ላይ ስሙ ካለ ማሠልጠኛ መማር ግዴታው ነው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የማሠልጠኛው ስም በመዝገቡ ላይ መኖሩን ያረጋግጡ። ሌላም ነገር ተለውጧል። ሹፌሩ ምልክት ለማንበብና ከተቆጣጣሪ ጋር ለመነጋገር የሚበቃ እንግሊዝኛ እንዲኖረው ሕጉ ድሮም ይጠይቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ወዲህ ግን ይህን ያላሟላ ሹፌር መንገድ ላይ ከሥራ ይታገዳል። «ለመንዳት እንግሊዝኛ ምን ያደርጋል?» የሚለው ምክር ጊዜው አልፎበታል።

በቨርጂኒያ በኩል ሎውዶን ካውንቲ የመረጃ ማዕከሎች መናኸሪያ ነው፤ አሽበርን ዙሪያ መስኮት የሌላቸው ግዙፍ ሕንጻዎች ተደርድረዋል። ኖቫ በዚያው አካባቢ ባለው ግቢው የእነዚህን ማዕከሎች አሠራር የሚያስተምር ዘርፍ አለው። ኤሌክትሪክ፣ ማቀዝቀዣና ኮምፒውተር የሚገናኙበት ትምህርት ስለሆነ በአገር ቤት ቴክኒክና ሙያ ለተማረ ሰው በጣም ይስማማዋል።

የሕፃናት እንክብካቤ ለሚያስቡ እናቶች፣ በሜሪላንድ በዴይኬር መምህርነት ለመሥራት የሚጠየቀው የ90 ሰዓት ሥልጠና በኮሌጅ ይሰጣል። በክሬዲት የሚሰጠውን ቢመርጡ ይሻላል፤ ኋላ ዲግሪ ቢያምርዎት ይቆጠርልዎታል።

እዚህ ላይ የሙያው ዘርፍ ትልቅ ወጥመድ ይመጣል። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ኮርሶች፣ አንዱ በክሬዲት አንዱ ያለ ክሬዲት፣ በአንድ ኮሌጅ ውስጥ ይገኛሉ። ያለ ክሬዲት የሚሰጠው ፈጣንና አንዳንዴም ርካሽ ነው፤ ለዲግሪ ግን ብዙውን ጊዜ አይቆጠርም። ምዝገባ ላይ ይህን በግልጽ ይጠይቁ።

ለክፍያው መንገድ አለ። ቨርጂኒያ ፋስት ፎርዋርድ በሚባለው ፕሮግራም ለአጫጭር ሥልጠና ተማሪው መጀመሪያ የዋጋውን አንድ ሦስተኛ ብቻ እንዲከፍል ታደርጋለች፤ ሳያጠናቅቅ ያቋረጠ ግን ተጨማሪ አንድ ሦስተኛ ይከፍላል። ጂ ስሪ የሚባለው ሌላው የቨርጂኒያ ፕሮግራም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ነዋሪዎች በጤና፣ በኮምፒውተር፣ በሕፃናት ትምህርት፣ በሕዝብ ደኅንነትና በእጅ ሙያ ዘርፎች የትምህርቱን ክፍያ ይሸፍናል። በፌዴራል ደረጃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሕግ ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ፔል ግራንት ከ8 እስከ 15 ሳምንት ለሚፈጁ ብቁ ሥልጠናዎችም እንዲውል ፈቅዷል። ኮሌጅዎ የትኞቹን ኮርሶች እንዳስመዘገበ ይጠይቁ።

ሳይንስ፦ ሰዓት የሚበላው

ሳይንስ የምለው ነርሲንግን፣ የላቦራቶሪ ሙያን፣ ባዮቴክኖሎጂን፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር የሚወሰዱ ኬሚስትሪና ፊዚክስን ነው። ከሁሉ በፊት የሰዓቱን ሒሳብ ያስሉ። አንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት በክፍል፣ ሁለት ሰዓት ያህል በቤት ይፈልጋል። ሙሉ ጊዜ የሚባለው 12 ክሬዲት ከሆነ 36 ሰዓት መሆኑ ነው። የሳይንስ ኮርስ ላይ የላቦራቶሪው ሰዓት ይጨመራል። በሳምንት 50 ሰዓት የሚነዳ ወይም የሚያስተናግድ ሰው 12 ክሬዲት የሳይንስ ትምህርት ሲመዘገብ አንዱን መጣሉ አይቀርም። አንድ የሳይንስ ኮርስ ከአንድ ቀላል ኮርስ ጋር፣ በየሴሚስተሩ፣ ሳይቋረጥ መውሰድ ይበልጣል።

ነርሲንግ «ሁለት ዓመት ነው» ይባላል። ሁለቱ ዓመት የሚቆጠረው ግን ፕሮግራሙ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ የእንግሊዝኛ ድርሰትና ሌሎችም ቅድመ ሁኔታ የሆኑ ኮርሶች አሉ፤ መግቢያውም ውድድር ነው፤ በመጨረሻ የፈቃድ ፈተናው ይጠብቃል። ለሚሠራ ሰው በጠቅላላው አራት ዓመት ቢያስቡ ልብዎ አይሰበርም። ቅድመ ሁኔታዎቹን ጨርሰው ረጅም ጊዜ ከቆዩ ደግሞ የሳይንሱ ክሬዲት ያረጅብዎታል፤ ብዙ ፕሮግራሞች ከተወሰኑ ዓመታት በላይ የቆየ የአናቶሚ ውጤት አይቀበሉም። ፕሮግራሙ ውስጥ ሲገቡም የሆስፒታል ልምምዱ ቀኑን ሙሉ ስለሚይዝ የሥራ ፈረቃዎን አስቀድመው ያስተካክሉ። የሞንትጎመሪ ነርሲንግ በታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ ግቢ፣ የኖቫው በስፕሪንግፊልድ የሕክምና ግቢ ነው።

ባዮሎጂ ሲመዘገቡ ስሙን ብቻ አይዩ። ለሳይንስ ተማሪዎች የሚሰጥ ባዮሎጂ አለ፤ ለሌሎች የሚሰጥ ቀለል ያለ ባዮሎጂም አለ። ቀላሉን ወስዳ «ኤ» ያገኘች ጎረቤቴ የፋርማሲ ትምህርት ቤት አልቆጥርም ሲላት እንደገና ከመጀመሪያው ገብታለች።

በባዮሎጂ ወይም በኬሚስትሪ ዲግሪ ይዘው ለመጡ ሰዎች አንድ መንገድ ደጋግሜ እጠቁማለሁ። የሞንትጎመሪ ኮሌጅ የጀርመንታውን ግቢ ባዮቴክኖሎጂ ያስተምራል፤ ከሮክቪል እስከ ፍሬድሪክ በሚዘልቀው መንገድ ዳር የመድኃኒትና የባዮሎጂ ኩባንያዎች በብዛት አሉ። ዲግሪውን አስገምግሞ የላቦራቶሪ ልምምዱን በአጭር ሰርተፊኬት መጨመር ከባዶ ዲግሪ ከመጀመር በብዙ ዓመት ያጥራል። በአገር ቤት ነርስ፣ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት የነበረ ሰው ደግሞ የውጭ አገር ምሩቃንን ወረቀት የሚመረምሩትን አካላት መንገድ ሳያጣራ ኮሌጅ አይመዝገብ። ስንት የተመረቀ ነርስ ረዳት ነርስ ሆኖ አየሁ መሰለዎት! ያሳዝነኛል።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚዛወሩ ወጣቶች የሳይንስ የመጀመሪያ ሁለት ዓመት በኮሚኒቲ ኮሌጅ መውሰድ ትልቅ ገንዘብ ያድናል። ኖቫ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመረው አድቫንስ የተባለ የጋራ ፕሮግራም አለው፤ ሞንትጎመሪ ኮሌጅም ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር የመዛወሪያ ስምምነት አለው። ዋናው ነገር በእነዚህ ውስጥ በመጀመሪያው ሴሚስተር መመዝገብ ነው፤ 60 ክሬዲት ከሞላ በኋላ የመጣ ሰው የማይቆጠሩ ኮርሶች ይዞ ይገኛል።

እኔ ብሆን እንዲህ እመርጥ ነበር

የ40 ዓመት እናት፣ ሁለት ልጆች፣ እንግሊዝኛዋ ጀማሪ ቢሆን፦ አንድ ዓመት በነጻው የማታ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ በክሬዲት የሚሰጠው የሕፃናት እንክብካቤ ኮርስ። አሥራ ሁለተኛን በጥሩ ውጤት ጨርሶ የመጣ የ20 ዓመት ወጣት ቢሆን፦ የእንግሊዝኛ ድርሰቱንና ሒሳቡን በመጀመሪያው ዓመት፣ ሳይንሱን ከዚያ በኋላ፣ የመዛወሪያ ስምምነቱን ከመጀመሪያው ቀን። ሁለተኛ ደረጃን ያላጠናቀቀ ሰው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያን የሚተካውን፣ ጂ.ኢ.ዲ የሚባለውን ባለ አራት ክፍል ፈተና ያስብ፤ ፈተናው በአማርኛ አይሰጥምና ለእርሱም ቢሆን ንባቡ ይቀድማል። ቤተሰብ የሚረዳና ነገ ገቢ የሚያስፈልገው ሰው አጭር ሙያ ቢወስድ አልነቅፈውም፤ በየሴሚስተሩ አንድ በክሬዲት የሚቆጠር ኮርስ ግን ከጎኑ ያስከትል።

ምርጫዎ ምንም ይሁን፣ የተመዘገቡ ዕለት ከኮሌጁ የትምህርት መቁጠሪያ ላይ ሁለት ቀኖች ይፈልጉ። አንዱ ኮርስ ትተው ገንዘብዎ ሙሉ በሙሉ የሚመለስበት የመጨረሻ ቀን ነው፤ ትምህርት ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ያልፋል። ሁለተኛው በ«ኤፍ» ፈንታ «ዳብልዩ» የሚያገኙበት የመጨረሻ ቀን ነው። ሁለቱንም ስልክዎ ላይ ከሦስት ቀን በፊት እንዲያስታውስዎ አድርገው ይመዝግቡ። ገንዘቡ በሚመለስበት የመጨረሻ ቀን ዋዜማ የመጀመሪያውን የቤት ሥራ ቁጭ ብለው ይሥሩ፤ ጽሑፉን ለመረዳት ብቻ ሌሊቱ ካለቀብዎ በማግስቱ ጠዋት ኮርሱን ለውጠው አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው ይግቡ። ገንዘብዎ ገና በእጅዎ ነው።